የአየር በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ

ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ ወይም እንድታደንቁኝ ብዬ አይደለም። በሙያዬ ጎበዝ ነኝ፤ ያን ቀንም ጎበዝ ነበርኩ። ግን በአንድ የጥር እሁድ፣ ስድስት መቶ ሰው በተጠራበት ሰርግ ላይ፣ በራሴ እጅ ያበጀሁት ነገር ሰው ሊገድል ሲል አየሁ። ከዚያ ወዲህ የምሠራበትም የምናገርበትም መንገድ ሌላ ነው።

ሰሚራ እባላለሁ። ያደግኩት ኮተቤ ነው። አባቴ ከካራ መገናኛ ሲመላለስ ዕድሜውን የፈጀ የታክሲ ሹፌር ነው። እኔ ኤሌክትሪክ ተማርኩ፤ ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሥራዬን ስናገር ብዙ ሰው “ኤሲ ጠጋኝ” ይለኛል። ኤሲ አልጠግንም። በትልልቅ አዳራሾችና ሕንፃዎች ውስጥ አየር የሚያሞቀውን፣ የሚያቀዘቅዘውንና የሚያመላልሰውን ማሽን የሚያዝዘውን ዲጂታል መቆጣጠሪያ ነው የምገጥመው። ግድግዳ ላይ የምትሰቀል፣ ትንሽ ስክሪን ያላት ሳጥን ናት። ሴንሰሮቿ ሙቀቱንና የሰዉን ትንፋሽ ይለካሉ፤ እሷ ደግሞ ማራገቢያው ይፍጠን፣ ማሞቂያው ይጥፋ፣ የውጭ አየር ማስገቢያው በር ይከፈት እያለች ታዝዛለች። ምን ሲሆን ምን እንደምታዝዝ የምወስነው እኔ ነኝ።

በመሥሪያ ቤታችን ከነበርነው አምስት ባለሙያዎች ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ደንበኛ ጋ ስሄድ መጀመሪያ “ባለሙያው የት አለ?” ነው የሚሉኝ። ስለዚህ አንድ ልማድ አዳብሬ ነበር፤ ቶሎ መሥራት፣ እርግጠኛ ሆኖ መናገር፣ ጥያቄ አለማብዛት። ጥያቄ ካበዛሁ አታውቅም ይሉኛል ብዬ እፈራ ነበር።

ከየካ ሚካኤል ወደ ላይ በሚወስደው ዳገት ላይ አንድ የሰርግ አዳራሽ አለ። ስሙን አልጠራም። ግማሹ ኮረብታው ተቆፍሮ የተሠራ ስለሆነ በጀርባውም በጎኖቹም መስኮት የለውም፤ ከፊት ለፊት ብቻ ሁለት ሰፋፊ በሮች ወደ ሣሩ ግቢ ይከፈታሉ። የአዳራሹ ኃላፊ ጋሽ ግርማ ቅዳሜ ከሰዓት ደወሉልኝ።

“ሰሚራ፣ ባለፈው ሳምንት እንግዶቹ ‘ታፈንን’ እያሉ አሳፈሩኝ። ያ አዲሱ መቆጣጠሪያ ደርሷል አላልሽም? ነገ ስድስት መቶ ሰው ይገባል። በእግዚአብሔር፣ ጠዋት መጥተሽ ግጠሚልኝ።”

እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ገና አልለቀቀም ነበር። አስተናጋጆቹ ወንበር ሲያለብሱ፣ እኔ ከመድረኩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ያለውን አሮጌ መቆጣጠሪያ ነቅዬ አዲሱን ገጠምኩ። የአዲሱ ብልጫ የሰው ትንፋሽ ሲበዛና አየሩ ሲከብድ ራሱ አውቆ የውጭ አየር በሩን ማስፋቱ ነው። ሰው በበዛ ቁጥር በሩ ይሰፋል፤ ሰው ሲቀንስ ይጠባል። አምስት ሰዓት ላይ ጨረስኩ። ሴንሰሩ ላይ በአፌ ስተነፍስበት ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ወጣ፣ የአየር በሩ ሲከፈት ደግሞ ከጣሪያው ውስጥ ድምፁ ተሰማ። ጋሽ ግርማ እንደ ሕፃን ሳቁ።

“ከኋላ ያለውን ማሽንስ አታይውም? የጓሮው ቁልፍ ዘበኛው ጋ ነው፤ ላስጠራው?” አሉኝ።

“አያስፈልግም ጋሽ ግርማ። ሁሉም ነገር እዚሁ ይታያል” አልኩና ስክሪኑን በጣቴ መታ መታ አደረግኩት።

“እርግጠኛ ነሽ?”

“መቶ በመቶ።”

ይህን ቃል ዛሬም ሳስታውሰው ጆሮዬ ይግላል።

ጋሽ ግርማ ሰርጉ እስኪያልቅ እንድቆይላቸው ለመኑኝ፤ ቆየሁ። ከመድረኩ ጎን፣ መቆጣጠሪያው ስር ወንበር ሰጡኝ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እንግዶች መግባት ጀመሩ። ንፋሱ አቧራ ያስገባል ተብሎ በሮቹ ተዘግተው ወፍራም መጋረጃ ወረደባቸው። ሙሽሮቹ እንጦጦ ላይ ፎቶ ሲነሱ ቆይተው ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ በእልልታና በጭብጨባ ገቡ። የሙሽራዋ አባት አቶ አበራ ይባላሉ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። በአጠገቤ ሲያልፉ አየሩን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው “ዛሬስ ደስ ይላል፤ ባለፈው የእህቴ ልጅ ሲዳር ልናልቅ ነበር” አሉኝ። የሆነ ሽልማት የተሰጠኝ ያህል ተሰማኝ።

ስምንት ሰዓት ገደማ መብራት ሄደ። ሰዉ “ኡኡ!” ብሎ ሳይጨርስ ጄኔሬተሩ ተነሳ፤ ጭብጨባ ሆነ። መቆጣጠሪያዬም እንደገና በርታ ሥራዋን ቀጠለች። ሰው ይበላል፣ ይጨፍራል፣ ይተነፍሳል። የአየር በሩ አርባ በመቶ፣ ሰባ በመቶ፣ ከዚያም መቶ በመቶ ተከፈተ። ስልኬን አውጥቼ ስክሪኑን ፎቶ አነሳሁት። ለአለቃዬ ላሳየው ነበር።

አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ራሴን ያመኝ ጀመር። ከዓይኔ ጀርባ የሚወጋ ነገር ነው። ቁርስ ስላልበላሁ ነው አልኩ። ከፊት ለፊቴ፣ በቀኝ በኩል ባለው ጠረጴዛ፣ አበባ ይዛ የገባችው አምስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ወንበር ላይ ተኝታለች። እናቷ “ከሌሊት ጀምራ ጸጉር ስትሠራ ነው ያደረችው፤ ደክሟት ነው” ስትል ሰማኋት። ከሚዜዎቹ አንዱ እየተንገዳገደ ወጥቶ መጋረጃው ጥግ አስታወከ። ጓደኞቹ “ገና በቀን!” ብለው ሳቁበት። ከዚያው ጠረጴዛ አንድ ሽማግሌ ውሃ ጠየቁ፤ ብርጭቆውን ሲቀበሉ እጃቸው ተንቀጠቀጠ።

ስክሪኑን አየሁ። ሙቀት ሃያ ሁለት። ማራገቢያ ደህና። የአየር በር ደህና። ሁሉም አረንጓዴ ነው።

እንደገና ወደ አዳራሹ ተመለከትኩ። በግራ በኩል ያሉት ልጆች በጠረጴዛዎቹ መካከል ይሯሯጣሉ። በቀኝ በኩል አራት ልጆች ተኝተዋል። በቀኝ ጣሪያ ላይ ያሉት የአየር መውጫዎች ደግሞ ለማሽኑ ቅርብ የሆኑት፣ አየሩ መጀመሪያ የሚደርስባቸው ናቸው።

ተነስቼ ከአንደኛው መውጫ ስር ቆምኩና ቀና ብዬ ተነፈስኩ። የጄኔሬተር ሽታ ነው። ከጥብሱና ከሽቶው ጋር ተቀላቅሎ፣ ግን የጄኔሬተር ሽታ። የእኛ ከተማ ሰው ይህን ሽታ ስለለመደው ከሽታ አይቆጥረውም፤ እኔም እስከዚያች ደቂቃ አልቆጠርኩትም።

ሮጬ ወጣሁ። ዘበኛው ጓሮውን ሲከፍትልኝ እጄ ቁልፉን ሊነጥቀው ደርሶ ነበር። ከኋላ ያየሁትን ነገር ልንገራችሁ። ጄኔሬተሩ የቆመው ከአየር ማስገቢያው ስር ነው። ጭሱን ወደ ላይ ማውጣት የነበረበት ቱቦ ከመገጣጠሚያው ተነቅሎ መሬት ላይ ወድቋል። ጥቁሩ ጭስ ወደ ሰማይ አይወጣም፤ እየታጠፈ፣ እየተሳበ፣ እኔ መቶ በመቶ ወደከፈትኩት በር ይገባል።

“ይሄ ነገር መቼ ነው እዚህ የመጣው?” ብዬ ጮህኩ።

“ጎረቤት ‘ድምፁ አስቸገረን’ ብሎ ከሶስት ሳምንት በፊት አዛወሩት” አለኝ ዘበኛው። “ምነው?”

መቆጣጠሪያው ጋ ተመልሼ ማራገቢያውን አጠፋሁ፣ የአየር በሩን ዘጋሁ። አዲስ ጭስ ቆመ። የገባው ግን መስኮት በሌለው አዳራሽ ውስጥ ከስድስት መቶ ሰው ጋር ተዘግቶበታል። ጄኔሬተሩን ባጠፋ ደግሞ አዳራሹ ድቅድቅ ጨለማ ይሆናል፤ ስድስት መቶ ሰው በጨለማ ወደ ሁለት በር ይሮጣል። ሰዉ መውጣት ያለበት መብራቱ ሳይጠፋ ነው። ለአለቃዬ ደውዬ ያየሁትን ነገርኩት፤ ምክር ፈልጌ ነበር።

“ማራገቢያውን አጥፍተሻል?” አለኝ።

“አጥፍቻለሁ።”

“በቃ፤ በሩን ክፈቱ በያቸውና ውጪ። ጄኔሬተሩን ያዛወሩት እነሱ ናቸው። የኛ ሥራ አይደለም።”

“ጭሱን ያስገባው እኔ የከፈትኩት በር ነው’ኮ።”

“ሰሚራ፣ እሱን ማን ያውቃል? አንቺ ካልተናገርሽ ማንም አያውቅም።”

ስልኩን ዘጋሁት። ተቆጥቼ አልነበረም፤ ጊዜ አልነበረኝም። እውነቱን ልናገር፣ ለአንድ አፍታ ግን ሐሳቡ ጣመኝ። ከዚያ ነጭ ቀሚስ የለበሰችውን ልጅ አየኋት፤ ጭንቅላቷ ከወንበሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ጋሽ ግርማን እጃቸውን ይዤ ወደ መድረኩ ጎን ሳብኳቸው። “ሰዉ አሁኑኑ ከአዳራሹ መውጣት አለበት” አልኳቸው።

“ምን? ምሳ ላይ? ሰርግ ነው’ኮ ልጄ! ምን ብዬ ነው የማስወጣቸው?”

ጭቅጭቃችንን አይተው አቶ አበራ መጡ። “የኔ ልጅ፣ ምንድን ነው ችግሩ?” አሉኝ በቀስታ።

“የጄኔሬተሩ ጭስ ወደ አዳራሹ እየገባ ነበር። ዘግቼዋለሁ፤ ግን የገባው ገብቷል። ቤት ዘግቶ ከሰል ሲቀጣጠል ሰው እንደሚያፍነው ነው፤ ያው መርዝ ነው። ልጆቹ ደክሟቸው አይደለም የተኙት።”

ከሰል የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ። በዚህ ከተማ ከሰል ያፈነው ቤተሰብ ታሪክ ያልሰማ ሰው የለም።

“ማነው ይህን ያደረገው?” አሉኝ።

“እኔ ነኝ። ቱቦው ተነቅሏል፤ የአየር በሩን ግን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጠዋት ከኋላ ሄጄ ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም።”

አዩኝ። ከዚያ ወደ ጋሽ ግርማ ዞረው “አጥፊዋ ራሷ እንዲህ ካለች ጥርጥር የለውም” አሉ። “እንዴት ነው የምናወጣቸው? ‘ጭስ’ ብለን ከጮህን በር ላይ ይረጋገጣሉ።”

ያን ጊዜ ከመድረኩ ላይ አንድ ድምፅ “እኔ አወጣቸዋለሁ” አለ። ዘፋኟ ናት፤ ሮማን ትባላለች። ማይኩን በእጇ ሸፍና ስትሰማን ቆይታለች። “ሙሽሮቹን ብቻ አስነሱልኝ። ሙሽራ የሄደበት የማይሄድ ሰርገኛ የለም።”

አቶ አበራ ቀጥ ብለው ወደ ልጃቸው ሄዱ፣ ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር ተናገሩ፣ እጇን ይዘው አስነሷት። ሮማን ማይኩን ገለጠች። “ወገኖቼ! ሙሽሮቻችን ኬካቸውን በፀሐይ እንቆርሳለን ብለዋል! ልጅ ያለው ልጁን ይታቀፍ! ሽማግሌ ያለው ሽማግሌውን ይደግፍ! የቀረ ይቀጣል!” አለችና ዘፈኑን ጀመረች። አስተናጋጆቹ ሁለቱንም በሮች ወለል አድርገው ከፈቱ። ሙሽሮቹ ከፊት፣ ሚዜዎቹ ከኋላቸው፣ እሷ በመካከል እየዘፈነች፣ ያ ሁሉ ሰው እያጨበጨበና እስክስታ እየመታ ወጣ። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ከሚወጡት ውስጥ ከምን እየሸሸ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ከአምስት አይበልጥም ነበር።

እኔ ወደ ቀኙ ጠረጴዛ ሮጥኩ። የልጅቷ እናት ልጇን እየወዘወዘች “ሊዲያ! ሊዲያ!” ትላለች። አልነቃችም። ከእጇ ተቀብያት በሚጨፍረው ሰው መካከል እየተጋፋሁ ወጣሁ። ከበሩ ራቅ ብዬ ሣሩ ላይ፣ ንፋሱ በሚነፍስበት በኩል አስተኛኋት። ፊቷን ወደ ጎን አዞርኩት። እናቷ አጠገቤ ተንበርክካ የራሷን ደረት ትደቃለች። እኔ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ በሆዴ አደረስኩ፤ እናቷ ደግሞ ሚካኤልን ትጠራለች።

ስንት ደቂቃ እንደሆነ አልቆጠርኩም። ልጅቷ በድንገት ሳል አለች፣ የሥራ ልብሴ ላይ አስታወከች፣ ከዚያም አምርራ አለቀሰች። በሕይወቴ ከሰማኋቸው ድምፆች ሁሉ የሚበልጥብኝ ያ ልቅሶ ነው።

ከጋሽ ግርማ ጋር አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን ተመልሰን ገባን። መጸዳጃ ቤቱን፣ ወጥ ቤቱን፣ ከመድረኩ ጀርባ ያለውን ክፍል አየን። በመጨረሻው ጠረጴዛ አንድ ሰውዬ እጃቸውን ተንተርሰው ተኝተው አገኘናቸው፤ ሁሉም ጠጥተው ነው ብሎ ትቷቸዋል። ጎትተን አወጣናቸው። ከዚያ በኋላ ነው ጄኔሬተሩን ያጠፋሁት። አስተናጋጆቹ የጠሩት አምቡላንስ ሊዲያን፣ ሰውዬውንና ሌሎች ሶስት ሰዎችን ወሰደ። ኦክስጅን ተሰጣቸው፤ በማግስቱ አምስቱም ወደ ቤታቸው ገቡ።

ኬኩ ግቢው ውስጥ፣ ከባሕር ዛፎቹ ስር ተቆረጠ። አቶ አበራ የግቢው ግንብ ላይ ተቀምጬ ወደነበርኩበት መጡ። ተነሳሁ።

“አመሰግንሻለሁ ልልሽ ነበር የመጣሁት” አሉ። “ግን ቃሉ አልወጣልኝ አለ። ልጄንም ዘመዶቼንም ልታሳጪኝ ነበር።”

“ልክ ነዎት” አልኳቸው።

“ግን ‘እኔ ነኝ’ ባትይ ኖሮ፣ እኔ ማን ነው ጥፋተኛው፣ እውነት ነው ወይ እያልኩ ስከራከር ስንት ደቂቃ ይሄድ ነበር? እሱንም አስቤዋለሁ። ምሳ አልበላሽም አሉኝ። የሙስሊሞቹ ለብቻው ነው የተሠራው፤ አሁን ወደ ውጭ አውጥተውታል። ሂጂና ብዪ።”

ሄጄ በላሁ። እያለቀስኩ ነው የበላሁት።

ሰኞ ዕለት አለቃዬ ሪፖርት እንድጽፍ ጠየቀኝ። ጻፍኩ። “የአየር ማስገቢያው ያለበትን ቦታ ሳላይ መቆጣጠሪያውን ሥራ ላይ አዋልኩ” የሚለው ዓረፍተ ነገር ጋ ሲደርስ እስክሪብቶውን አነሳ።

“ይሄ ይውጣ” አለ።

“ይሄ ከወጣ ስሜም ይውጣ” አልኩት።

ዓረፍተ ነገሩ ቀረ፤ እኔ ግን ደንበኛ ጋ መሄድ ተከለከልኩ። ሶስት ወር ቢሮ ውስጥ ወረቀት ሳገላብጥ ቆየሁና ለቀቅኩ። ከለቀቅኩ በኋላ መጀመሪያ የደወሉልኝ ጋሽ ግርማ ናቸው። ጄኔሬተሩን ከሕንፃው አርቀው እንደሚያዛውሩ፣ ይህን መርዛማ ጭስ የሚለይ ሴንሰርም እንዲገጠም እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። “ያጠፋሽውን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ሌላ ሰው አላስገባም” አሉኝ። ዛሬ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር የራሳችንን ሥራ እንሠራለን። ሥራው አያልቅብንም፤ ጎበዞች ነን።

አንባቢዎቼ፣ ስለ መቆጣጠሪያው አንድ ነገር ልበላችሁ። ያን ቀን መቆጣጠሪያዋ አልተበላሸችም። ሙቀቱን ለኪ ተባለች፣ ለካች፤ ትንፋሽ ሲበዛ በሩን ክፈቺ ተባለች፣ ከፈተች። መርዝ አለ ወይ ብሎ የጠየቃት ስለሌለ ስለ መርዝ አልተናገረችም። አረንጓዴው መብራት የሚያሳየው እኔ የጠየቅኩት ነገር ሁሉ ደህና መሆኑን ነው። ስላልጠየቅኩት ነገር ምንም አያውቅም። እናንተም ሱቅ፣ ምግብ ቤት፣ ክሊኒክ፣ አዳራሽ ያላችሁ ሰዎች፣ ጄኔሬተራችሁን አስነሱና አንዴ ዙሩት። ጭሱ የት እንደሚሄድ በዓይናችሁ ተከተሉት። ባለሙያ ስታስመጡ ደግሞ ጥያቄ የሚያበዛውን አትናቁት። እኔ አሁን ጥያቄ አበዛለሁ። ጓሮ እገባለሁ፣ ጣሪያ ላይ እወጣለሁ፣ ቁልፍ እስኪመጣ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። “ባለሙያው የት አለ?” የሚሉኝ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ግድ የለኝም።

የምገጥመው ሳጥን ሁሉ በር አለው። ሥራዬን ስጨርስ ከመዝጋቴ በፊት በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ በማይጠፋ ቀለም ምን እንዳዘዝኩት፣ ምን ምን እንደማይለካ እጽፋለሁ። ከስሩ ስሜንና ስልኬን አኖራለሁ። አንድ ቀን የሆነ ነገር ቢፈጠርና አንድ ሰው በሩን ከፍቶ “ማነው ይህን ያደረገው?” ቢል፣ መልሱን እንዳይፈልግ ብዬ ነው።